ባንኮክ፣ ምንም ሳያመኝ

የካ አባዶ፣ አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ ከሚጀምርበት፣
ውሃ በሳምንት ሁለቴ፣ እሱም በሌሊት ከሚመጣበት፣
አራተኛ ፎቅ ላይ፣ የመብራት ደረሰኝ ገልብጬ፣
ሰባት ቀን አሰመርኩ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ።

ሰኞ፦ መድረስ፤ ያበጠ እግር ማሳረፍ።
ማክሰኞ፦ በጀልባ ወንዙን ማቋረጥ፤ ገበያው መሀል መንሳፈፍ።
ረቡዕ፦ ጾም ነው። እነሱ ደግሞ ዓሣ ከሁሉም ይቀላቅላሉ አሉ፤
ዓሣ ይበላል አይበላም? የንስሐ አባቴም በዚህ ዘመናቸውን ሙሉ ይከራከራሉ።
ሐሙስን ባዶ ተውኩት።

ልጄ ሕሊና አየር መንገድ ናት፤ ሻንጣ ትመዝናለች፤
በዓመት አንዴ ለእናት የሚሆን ትኬት ታገኛለች።
«ቦታ ከተረፈ ነው እማዬ፤ ካልተረፈ ከበሩ ትመለሻለሽ፤
ደግሞስ ዱባይ እያለ፣ ኢየሩሳሌም እያለ፣ ምን ብለሽ ባንኮክ አልሽ?»
«ልበላ» አልኳት። ዝም አለች።
በስልኩ ውስጥ የሻንጣ ጎማ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ።

ደረጃ ላይ ለአስካለ ነገርኳት፤ ጀሪካኗን አስቀመጠች፤
«ውይ በሞትኩት! መቼ ጀመረሽ?» ብላ ደረቷን ያዘች።
«ልበላ ነው የምሄደው፣ ልጎበኝ» ብላት፣ «ተይ እንግዲህ» አለችኝ፤
«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም»፤ በማግስቱ አንድ ሃይላንድ ጠበል ላከችልኝ።

በእኛ ሰፈር ባንኮክ ከተማ አይደለም፤
ባንኮክ የቦርድ ወረቀት ነው፤ መኪና ሸጦ መሄድ ነው፤
መመለሱን ማንም በእርግጠኝነት አይናገርም።

ማታ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ደበላ መጡ፣ ደብተር በብብታቸው፤
«አባላቱ ለመድኃኒት ትሁናት ብለዋል»፤ ሦስት ሺህ ብር በእጃቸው።
«አላመመኝም ጋሼ» ብዬ ብመልስላቸው፣
«ዘለቀም እንዲህ ነበር የሚለው።»

ዘለቀ።
አሥራ አንድ ዓመት ሞላው፤ እዚያው ከተማ፣ ዘጠነኛ ፎቅ ነበር አልጋው፤
ሲደውል ስለ ኩላሊቱ አያነሳም፤ መስኮቱ ነበር ወሬው፤
«ከታች አንዲት ሴትዮ አለች፣ ጋሪ ላይ መጥበሻ የጣደች፤
ገና ጎህ ሲቀድ ቃሪያዋን ዘይት ውስጥ ስትጥለው፣ ዘጠኝ ፎቅ ድረስ ታስነጥሰኛለች።
ነርሷ ትስቃለች። እኔ ጨው የሌለው ሩዝ እልሳለሁ፤
ይሻለኝና ወርጄ እበላለሁ፤ ስሟንም እጠይቃለሁ።»
አልወረደም።
ያወረዱት ሌሎች ናቸው።

ለልምምድ ከቻይኖቹ ፋብሪካ አጠገብ ካለች ሱቅ የሩዝ ክር ገዛሁ፤
የዓሣ መረቅ የሚሉትንም በጠርሙስ፤ ክዳኑን ስከፍት እኔው ራሴ ደነገጥሁ።
ብሎኩ በሙሉ ሸተተ። የአስካለ ትንሹ ልጅ በኮሪደሩ እየሮጠ፣
«የእትዬ ዙፋን መድኃኒት ይገማል!» እያለ ሰፈሩን አናወጠ።
በላሁት ግን። ጨርሼ በላሁት፣ ሎሚ ጨምቄበት፣
በሹካ፤ በሁለቱ እንጨት ክሩን ማንሳት አቅቶኝ፣ ተሸንፌበት።

ዓርብ፦ አሁንም ጾም፤ እንግዲህ ፍራፍሬ፣ ያ ሆቴል አይገባም የሚባለው እሾሃማው ሳይቀር።
ቅዳሜ፦ መቅደሳቸው። ጫማ ይወለቃል አሉ፤ ይህስ ለኔ መች አዲስ ነገር።
እሁድ፦ መጥፋት፣ ያለ ካርታ። ልጄ እንዳታየው በስሱ ጻፍኩት።
ሐሙስን ደግሞ ዛሬ ሞላሁት፦
የሆስፒታሉ ጀርባ። ማለዳ። ጋሪዋ ካለች።
ከሌለችም፣ የቆመ ሌላ ጋሪ።

ቦታ ይተርፍ አይተርፍ ገና አልታወቀም። ሻንጣዬ በሩ ሥር ነው።
ጠበሉ አለ፤ በሶ አለ፤ ጋሽ ደበላ እምቢ ብለው ትተውት የሄዱት ሦስት ሺህ አለ፤
ከሁሉ በታች፣ በካልሲ ጠቅልዬው፣
አንድ ብልቃጥ ሚጥሚጣ።
ስሟን እጠይቃትና እሰጣታለሁ።
እስቲ እሷንም አንዴ ያስነጥሳት።